የኢኤምዲ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንዴት አደጉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ሞተር ክፍሎች ስንጽፍ በተቻለ መጠን የጋራዥ ሰው የሚጠቀምበትን ቃል መርጠናል።

ኢኤምዲ ማን ነው?

ኢኤምዲ የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ሠሪ ድርጅት ነው። በ1922 በክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ያቋቋመው ሃሮልድ ሃሚልተን ነው። ሲጀመር የራሱ ፋብሪካ እንኳ አልነበረውም። ንድፉን ራሱ ይሠራና አካሉን ከአንድ ፋብሪካ፣ ሞተሩን ከዊንተን፣ የኤሌክትሪኩን ክፍል ከጄኔራል ኤሌክትሪክ እያስመጣ በቤንዚን የሚሄዱ የመንገደኛ ባቡሮችን ያስገጣጥም ነበር። በ1930 ጄኔራል ሞተርስ ድርጅቱንም ዊንተንንም ገዛቸው። በ1935 ቺካጎ አጠገብ፣ ላግራንጅ ላይ የራሱን ፋብሪካ መሥራት ጀመረ። በዓለም የታወቀበትን ኢኤምዲ የሚለውን ስም ያገኘው በ1941 መጀመሪያ ከዊንተን ጋር ተዋሕዶ የጄኔራል ሞተርስ አንድ ክፍል ሲሆን ነው።

ናፍጣ ሞተሩ መንኮራኩሩን ለምን በቀጥታ አያዞረውም?

ናፍጣ ሞተር ከቆመበት ተነሥቶ መጎተት አይችልም። መጀመሪያ መዞር አለበት። መኪና ይህን በፍሪሲዮንና በካምቢዮ ይፈታዋል። ሁለትና ሦስት ሺህ ቶን ከኋላው ላንጠለጠለ ሎኮሞቲቭ ግን ያ ፍሪሲዮን ገና በመነሻው ተቃጥሎ ያልቃል። ስለዚህ ሞተሩ የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ደግሞ በየአክስሉ ላይ የተገጠሙትን የመጎተቻ ሞተሮች ይነዳል። የቀጥታ ጅረት ሞተር ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው ገና ሳይዞር፣ ከዜሮ ሲነሣ ነው። ባቡር የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ነጂው ማርሽ አይቀይርም። እጀታው ስምንት ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱ ደረጃ የሞተሩን ዙር ከፍ ያደርጋል። ገደቡ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። በዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ በመጎተቻ ሞተሮቹ የሚያልፈው አምፔር ይጨምራል፣ ሽቦውም ይግላል። ነጂው ፊት ያለው የአምፔር ሰዓት ቀይ መስመር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግረው ሞተሩ ስለደከመ አይደለም፤ የመጎተቻ ሞተሩ የሽቦ ሽፋን እንዳይቀልጥ ነው። የመጎተቻ ሞተሩን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኙት ማርሾች የጥርስ ቁጥርም እዚህ ይገባል። በጭነት ሎኮሞቲቮቹ ላይ በብዛት የተለመደው 62 ለ15 ጥርስ ጉልበትን መርጦ ፍጥነቱን ወደ 105 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገድባል።

567 የሚባለው ሞተር ምኑ ነው የተለየ?

ከእርሱ በፊት የነበረው የዊንተን 201ኤ ነው። በ1934 በ8 ሲሊንደርና በ600 የፈረስ ጉልበት የበርሊንግተን ኩባንያን ዜፊር የተባለ የመንገደኛ ባቡር ከዴንቨር ቺካጎ፣ ወደ 1633 ኪሎ ሜትር፣ በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ አድርሶ ስም አገኘ። ነገር ግን ለባሕር ኃይልም ለባቡርም ይሁን ተብሎ የተነደፈ ሞተር ነበርና በሀዲድ ላይ ከባድ የጭነት ሥራ ሲሰጡት ጥገናው በዛ። በ1938 የወጣው 567 ለባቡር ብቻ ታስቦ እንደ አዲስ የተነደፈ ነው።

ቁጥሩ የአንድ ሲሊንደር ይዘት በኩቢክ ኢንች ነው፤ በሊትር 9.3 ገደማ ይሆናል። የሲሊንደሩ ስፋት 216 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 254 ሚሊ ሜትር። በ45 ዲግሪ ቪ ቅርጽ ተሠርቶ በ6፣ በ8፣ በ12 እና በ16 ሲሊንደር ወጣ። የ16ቱ ይዘት ከ148 ሊትር በላይ ነው።

አሠራሩ ባለ ሁለት ምት ነው። ጋራዥ ካሚቻ የሚለው የሲሊንደር ሸሚዝ ከታች በኩል ዙሪያውን ቀዳዳ አለው። ፒስተኑ ወርዶ ቀዳዳዎቹን ሲከፍት ብሎወሩ የገፋው ንጹሕ አየር ከታች ይገባል፣ የተቃጠለውን ጭስ ወደ ላይ ገፍቶ በቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ባሉት አራት የጭስ ቫልቮች ያስወጣዋል። አየሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ አሮጌው ጭስና አዲሱ አየር እምብዛም አይቀላቀሉም። ዋጋው፦ ይህ ሞተር በራሱ መተንፈስ አይችልም። ብሎወሩ ከተበላሸ ኃይል መቀነስ ብቻ አይደለም፣ ሞተሩ ጨርሶ አይሠራም።

ናፍጣውን ከርቀት በከፍተኛ ግፊት የሚልክ ረጅም ቱቦ የለውም። በየሲሊንደሩ አናት ላይ ፖምፑና መርጫው በአንድ አካል የተሠሩበት ኢንጀክተር ተቀምጧል። አንዱ ቢበላሽ ያን አንዱን ነቅሎ መተካት ነው።

የሞተሩ ትልቁ ብልሃት ግን ከዚህም በላይ ቀላል ነው። ካሚቻው፣ ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከሚዞረው ዋና ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው) እና ቴስታታው አንድ ጥቅል ሆነው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አንድ ሲሊንደር ሲያረጅ ሞተሩን ከሎኮሞቲቩ ሳያወርዱ ጣሪያውን ከፍቶ በክሬን ያንን ጥቅል ብቻ ስቦ ሌላ ማስገባት የአንድ ፈረቃ ሥራ ነው። ሎኮሞቲቩ በማግስቱ ፉርጎ ይጎትታል። ተፎካካሪው ፌርባንክስ ሞርስ የሚሠራው ሞተር በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ፊት ለፊት የሚገፉ ሁለት ፒስተኖች ነበሩት። በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የተመሰከረለት ሞተር ነው፤ በባቡር ጋራዥ ግን ፒስተን ለመድረስ ከላይ ያለውን ክራንክሻፍት ማንሣት ግድ ሆነ። በ1963 ኩባንያው ከሎኮሞቲቭ ሥራ ወጣ።

ታዲያ እንከን አልነበረውም?

ነበረው። በመጀመሪያዎቹ 567 ሞተሮች የማቀዝቀዣው ውኃ ከሞተሩ የብረት አካል ጋር ይገናኝ ነበር። መዝጊያ ጎማው ሲደክም ውኃ ወደ ዘይት ይገባል፣ ውኃ የገባበት ዘይት ደግሞ የክራንክሻፍቱን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን ማረፊያ) ይበላል። 567ሲ በሚባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ካሚቻ የራሱ የውኃ መግቢያ ቱቦ ተሰጠውና ችግሩ ከሥሩ ተቃለለ። አሮጌ ሎኮሞቲቭ የሚያይ ሰው ፊደሉን መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። በ567ሲ አካል ውስጥ የኋለኛውን 645 ሞተር ጥቅል መግጠም ይቻላል፣ ብዙ ኩባንያዎችም አድርገውታል። የ1954 ሎኮሞቲቭ በ1970ዎቹ ክፍል መሥራቱ በሌላ ፋብሪካ ምርት ዘንድ ብዙም የተለመደ አይደለም።

ኤፍቲ ለምን የእንፋሎት ባቡርን ገደለ ይባላል?

በ1939 መጨረሻ ኢኤምዲ ኤፍቲ የተባለውን የጭነት ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ለማስተዋወቅ ቁጥር 103 የተባለ ማሳያ ላከ። አራት ክፍል ተያይዞ እያንዳንዱ 1350፣ በድምሩ 5400 የፈረስ ጉልበት። በ11 ወር ውስጥ በ20 የባቡር ኩባንያዎች ሀዲድ ላይ 83,764 ማይል ሄደ። ከዚያ በፊት ናፍጣ ለመንገደኛ ባቡርና በግቢ ውስጥ ፉርጎ ለማቀያየር ካልሆነ ለከባድ ጭነት አይሆንም ይባል ነበር። ውጤቱ ግን በቁጥር መጣ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በየጣቢያው ውኃ ይቀዳል፣ አመዱ ይጠረጋል፣ ከሥራ ሲመለስ ለረጅም ሰዓት ይጸዳል። ኤፍቲ ናፍጣ ሞልቶ ይሄዳል። በረሃ አቋርጦ የሚያልፈው የሳንታ ፌ ኩባንያ ብዙ ኤፍቲ ከገዙት ግንባር ቀደሙ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በበረሃ ውኃ በታንከር ማመላለስ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ከባድ የጭነት ናፍጣ ሎኮሞቲቭ እንዲሠራ በዋናነት የተፈቀደለት ኢኤምዲ ነበር። ተፎካካሪዎቹ ከ1945 በኋላ ሲነሡ እርሱ ከ1000 በላይ ኤፍቲ ሠርቶ፣ ስሕተቱን አርሞ፣ የሚጠግኑ ሰዎችን በላግራንጅ ትምህርት ቤት አሠልጥኖ ነበር። ይህ ዕድልም ነው፣ ዝግጅትም ነው። አልኮ የሚባለው ትልቁ ተፎካካሪ በችኮላ ያወጣው 244 የተባለው ሞተር ስሙን አበላሸበት፣ በ1969ም ፋብሪካው ተዘጋ።

ጂፒ 7 ላይ ቅርጹ ለምን ተቀየረ?

የኤፍቲና እርሱን የተከተሉት የኤፍ ተከታታይ ሎኮሞቲቮች አካል እንደ ድልድይ ሸክሙን የሚሸከም የተዘጋ ቤት ነበር። ቆንጆ ነው፣ ለጠጋኝ ግን ጭንቅ ነው፤ ሠራተኛው የሚሠራው በጠባብ ኮሪደር ውስጥ ሆኖ ነው። ነጂውም ወደ ኋላ አያይም፣ ስለዚህ በየመንደሩ ፉርጎ እያነሣ እያስቀመጠ ለሚሄድ ባቡር አይመችም። መሐንዲሱ ዲክ ዲልዎርዝ በ1949 ያወጣው ጂፒ 7 ጉልበቱ እንደ ኤፍ 7 ያው 1500 ሆኖ ሸክሙን ከታች ባለ ጠንካራ ሻንሲ ላይ አሳረፈው። ሞተሩ በሚከፈቱ በሮች ተሸፈነ፣ ዙሪያውን መሄጃ ተሠራለት። በ1954 ጂፒ 9 በ1750 የፈረስ ጉልበት ተከተለ፤ ከ4000 በላይ ተሠርቷል።

ስሞቹን እንዴት ነው የማነበው?

ጂፒ ለአጠቃላይ ሥራ፣ ባለ አራት አክስል ነው። ኤስዲ ለልዩ ሥራ፣ ባለ ስድስት አክስል። አክስል ሲበዛ ክብደቱ በሀዲዱ ላይ ይከፋፈላል፣ የመጎተቻ ሞተሩም ይጨምራል፣ ስለዚህ በዝግታና በዳገት ይበረታል። የኢ ተከታታይ የመንገደኛ ሎኮሞቲቮች ፊደል የመጣው ከ1800 የፈረስ ጉልበት የእንግሊዝኛ አጠራር ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች የሞዴል ቁጥር እንጂ ጉልበት አይደሉም፤ ኤስዲ 40 ማለት 4000 የፈረስ ጉልበት ማለት አይደለም፣ 3000 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ኤስዲ 40-2 እንዲህ የተወደደው በምንድን ነው?

በ1965 ኢኤምዲ የሲሊንደሩን ስፋት ወደ 230 ሚሊ ሜትር አሳድጎ 645 ሞተርን አወጣ። ይዘቱ በሲሊንደር 10.6 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ሁለት መንገድ ተከፈተ። አንዱ ኤስዲ 45 ነው፦ 20 ሲሊንደር፣ 3600 የፈረስ ጉልበት። ሌላው ኤስዲ 40፦ 16 ሲሊንደር፣ 3000። በወረቀት ላይ አሸናፊው ኤስዲ 45 ነበር። በሥራ ላይ ግን ያ ረጅም ሞተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክራንክሻፍት ሰበረ፤ ለተጨማሪው 600 ጉልበት አራት ተጨማሪ ሲሊንደር መጠገን፣ ተጨማሪ ናፍጣም መጠጣት መጣ። ከ1973 የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ ሒሳቡ ለብዙዎች አልወጣም።

በ1972 የወጣው ኤስዲ 40-2 አዲስ ጉልበት አልጨመረም። የጨመረው የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ላይ ነው። ድሮ በሽቦና በሪሌ የተወሳሰበው ሳጥን በሚሰኩና በሚነቀሉ የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች ተተካ። ጠጋኙ ብልሽቱን በካርድ ይለያል፣ ካርዱን ይቀይራል፣ የተበላሸውን በኋላ በወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠግናል። ቀጥታ ጅረት የሚሰጠው ዋና ጄኔሬተርም ቀድሞ ተለዋጭ ጅረት በሚያመነጭ አልተርኔተርና ያንን ወደ ቀጥታ በሚለውጥ ሬክቲፋየር ተተክቶ ስለነበር የትልቁ ጄኔሬተር ካርቦን (በሚዞረው ክፍል ላይ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው) ከማለቁ ችግር ተገላገሉ። ወደ 4000 የሚጠጋ ተሠራ። በእኛ ግምት የዚህ ፋብሪካ ምርጥ ሥራ ይህ ነው፤ አዲስ ነገር ያለበት ስለሆነ አይደለም፣ የሚያስቸግረው ነገር አንድ በአንድ የወጣለት ስለሆነ ነው።

ሞተሩን ሲያስነሡ ምን መደረግ አለበት?

ሰዓታት ቆሞ የነበረ ሞተር በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ውኃ አጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ውኃ አይታመቅም። በጉልበት ካዞሩት ቢየላው ይጣመማል ወይም ቴስታታው ይሰነጠቃል። ስለዚህ፦

1. የዘይት፣ የውኃና የገዢው ዘይት መጠን ይታያል። ገዢ የምንለው የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረው ክፍል ነው።
2. የሲሊንደሮቹ መፈተሻ ቧንቧዎች ሁሉ ይከፈታሉ፣ ሞተሩ ናፍጣ ሳይሰጠው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ከአንዱ ውኃ ከረጨ እዚያው ይቆማል፤ የዚያ ሲሊንደር ወይ ካሚቻው ወይ ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።
3. ቧንቧዎቹ ይዘጋሉ፣ የናፍጣ ፖምፑ ይነሣል። ሁለት የመስታወት ማያዎች አሉ። ወደ ሞተሩ ቀረብ ያለው በጠራ ናፍጣ መሞላት አለበት። አረፋ ካሳየ ከታንኩ በኩል ያለው ቱቦ አየር ይስባል። ሁለተኛው ባዶ መሆን አለበት። ናፍጣ ከታየበት ማጣሪያው ደፍኗል።
4. ማስነሻው ይጫናል፣ ግን ከ20 ሴኮንድ በላይ አይያዝም። ካልተነሣ ባትሪው ይረፍ። ባትሪው 64 ቮልት ነው፤ በአሮጌዎቹ ሞተሩን የሚያዞረው ዋናው ጄኔሬተር ራሱ እንደ ሞተር ሆኖ ነው።
5. ውኃው 50 ዲግሪ አካባቢ ሳይደርስ ከባድ ጭነት አይሰጠውም።

ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ክፍል) ያላቸው ሞተሮች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የኢኤምዲ ቱርቦ በዝቅተኛ ደረጃ በሞተሩ ጥርስ ይዞራል፣ ጭሱ ሲበረታ ብቻ ክላቹ ይለቀውና በራሱ ይፈጥናል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግለቱ ኩሽኔታውን እንዳይጎዳ ትንሽ የዘይት ፖምፕ ለ35 ደቂቃ ያህል ይሠራል። ሞተሩን አጥፍቶ ወዲያው የባትሪውን ማብሪያ የሚያወርድ ሰው ያን ፖምፕም ያጠፋዋል፣ ቱርቦውን ይገድለዋል።

በመንገድ ላይ ራሱን ሲያጠፋ ምን ይፈተሻል?

ከገዢው ላይ ወጥቶ የሚታይ ቁልፍ ካለ የዘይት ግፊት ወርዷል ማለት ነው። ውኃንና ግፊትን ከሚጠብቀው ሳጥን ላይ የወጣው ቁልፍ ደግሞ የውኃ ማነስን ወይም የሞተሩ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ግፊትን ይናገራል። ይህ በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት አደገኛ ነው። የጋለ ኩሽኔታ ወይም የተሰነጠቀ ፒስተን የዘይት ጭጋግ ፈጥሮ ሊሆን ይችላል። የሞተሩ የጎን ክዳን ወዲያው ከተከፈተ ንጹሕ አየር ገብቶ ሊፈነዳ ይችላል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ቁልፉን መልሶ መጫንና እንደገና ማስነሣት ክልክል ነው።

የምድር ሪሌ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ ሎኮሞቲቩ አካል ሲያፈስ የሚያቋርጠው ክፍል፣ ከወደቀ የኤሌክትሪክ ችግር ነው፦ እርጥበት፣ የካርቦን ዱቄት፣ ያለቀ ካርቦን ወይም ብልጭታ የበላው ኮሙቴተር (ካርቦኑ የሚነካው የሚዞር ክፍል)። በመቁረጫው ማብሪያ የመጎተቻ ሞተሮቹን በተራ እያወጡ ጥፋተኛውን መለየት ይቻላል። ቀሪዎቹ ባቡሩን እስከ ጣቢያ ሊያደርሱት ይችላሉ፣ ጭነቱ ካልከበደ።

በብርድ አገር ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ሞተሮች በራዲያተራቸው ፀረ ብርድ አይጨመርም፤ ወደ ዘይት ከገባ ኩሽኔታ ስለሚያበላሽ። ስለዚህ ወይ ሌሊቱን ሙሉ ሞተሩ እንደበራ ያድራል፣ ወይ ውኃው ይፈስሳል።

ከ1980ዎቹ በኋላ ጄኔራል ኤሌክትሪክ እንዴት ቀደመው?

የ645 ሞተርን ወደ 950 ዙር በደቂቃ ገፍቶ ኤስዲ 50 በሚል በ3500 ሲያወጣው ሞተሩም ኤሌክትሪኩም አልቻለም። ከኤስዲ 45 የተማረውን የረሳ ይመስላል። ደንበኞች ወደ ተፎካካሪው ሄዱ። መልሱ በ1984 የመጣው 710 ነው፤ የፒስተኑ ጉዞ ወደ 279 ሚሊ ሜትር ረዘመ፣ ኤስዲ 60 በ3800 የፈረስ ጉልበት ተነሣ፣ አስተማማኝነቱም ተመለሰ። ነገር ግን የሄደው ደንበኛ ሁሉ አልተመለሰም።

በ1993 ከሲመንስ ጋር የሠራው ኤስዲ 70ማክ ተለዋጭ ጅረት ይጠቀማል፤ የመጎተቻ ሞተሩ ካርቦንም ኮሙቴተርም የለውም። በርሊንግተን ኖርዘርን በድንጋይ ከሰል ባቡሮቹ ላይ አምስት ኤስዲ 40-2 በሦስት ኤስዲ 70ማክ ተካ። ከዚያ 6000 የፈረስ ጉልበት በባለ አራት ምት አዲስ ሞተር ተሞከረ፣ እርሱም ወደቀ። ጄኔራል ሞተርስ በ2005 ሸጠው፣ በ2010 የካተርፒላር ሆነ። የአሜሪካ የጭስ ሕግ ሲጠብቅ ባለ ሁለት ምቱ 710 ለአዲስ የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ አልበቃ አለ፣ ተተኪው ባለ አራት ምት ነው።

የጅቡቲ አዲስ አበባው አሮጌ ባቡር የኢኤምዲ ነበር?

ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ስማቸው የሚነሣው የፈረንሳዩ አልስቶም ሎኮሞቲቮች ናቸው፤ መሥመሩም በ1 ሜትር ስፋት የተዘረጋ ነው። መርሑ ግን አንድ ነው፦ ናፍጣ ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ የመጎተቻ ሞተር። በዚያ መሥመር ላይ ሁለት ነገር ጎልቶ ይታያል። ውኃ በሌለበት ቆላ የእንፋሎት ባቡር ምን ያህል እንደሚቸገር መገመት አያዳግትም። ሌላው ከፍታው ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን አየር ያንሰዋል፣ ናፍጣው ካልተቀነሰለት ጥቁር ጭስ ይተፋል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ይህ ችግር አይነካውም።

አሮጌ ጂፒ ወይም ኤስዲ ለመግዛት ወይም ለማደስ መጀመሪያ ምን ልይ?

ቀለሙን አይመልከቱ። የጎን ክዳኖቹን ከፍተው በካሚቻው ቀዳዳዎች በኩል ፋሻውን በባትሪ ብርሃን ይዩ፤ የተሰበረ፣ የተጣበቀ ወይም የተቃጠለ ይታያል። ዘይቱን አስመርምሩ፤ ውኃ ካለበት ከየትኛው ሲሊንደር እንደመጣ ሳይታወቅ ዋጋ አትደራደሩ። የመጎተቻ ሞተሮቹንና የጄኔሬተሩን የሽቦ ሽፋን መቋቋም በሜገር፣ ማለትም ይህንኑ በሚለካ መሣሪያ፣ ይለኩ፤ ዝናብ ሲመታው ለዓመታት የቆመ ከሆነ መጀመሪያ ይደርቅ። የመንኮራኩሩን የቀረ ውፍረት ይለኩ። ሁሉም ሲታይ በቀላሉ ሊስተካከል የማይችለው ነገር የሞተሩ አካል ስንጥቅ ነው፤ ሲሊንደር ይቀየራል፣ ካርድ ይቀየራል፣ ቦጊ (መንኮራኩሮቹን የሚሸከመው ክፍል) ይታደሳል፣ የተሰነጠቀ ክራንክኬዝን (የሞተሩን አካል) መጠገን ግን ከሎኮሞቲቩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።